«እውነት ይመስላል» ከማለትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1774 ከኢትዮጵያ ጉዞው ለንደን ሲገባ፣ ያየውን ለመስማት ያልጓጓ አልነበረም። ጎንደር ከርሟል። ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ተዋውቋል፤ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ተቀብለው አስተናግደውታል፤ ዓባይ ከሚመነጭበት ቦታም ደርሷል። ሰዎቹ ግን ጥቂት እንዳዳመጡት ፊታቸውን አዞሩበት። ጦርነቱን ቢያወራ፣ የቤተ መንግሥቱን ሴራ ቢያወራ ማንም አልተቃወመውም፤ ነገር የመጣው «ጥሬ ሥጋ ይበላሉ» ሲል ነው። ይባስ ብሎ፣ አክሱም አካባቢ ወታደሮች ከነነፍሷ ካለች ላም ላይ ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳውን መልሰው ሸፍነው ሲነዷት በዓይኔ አየሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከቀጣፊዎች ጋር ይጠራ ጀመር። የጉዞ መጽሐፉን በ1790 በአምስት ቅጽ ቢያሳትምም የሚያምነው አላገኘም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በውሸት ጀብዱው ስለሚታወቀው ስለ ባሮን ሙንሃውዘን የተጻፈ አንድ ተከታይ መጽሐፍ መታሰቢያነቱ ለብሩስ ተብሎ ወጣ። ምስጋና እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ለለንደኑ ሰው ነገሩ በሬ ወለደ ነበር። ለእርስዎ ደግሞ ጥሬ ሥጋ የፆም መፍቻ ምሳ ነው።

ከማያምኑት አንዱ ታዋቂው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን መሆኑ ይበልጥ ያስገርማል። ጆንሰን የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በኋላም በምናቡ የፈጠረውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ በ1759 ያሳተመ ሰው ነው። ልቡ ውስጥ የተዘጋጀ ኢትዮጵያ ነበረው፤ ብሩስ ያመጣለት ሌላ ኢትዮጵያ ሆነበት። አብዛኞቻችንም አንድ ታሪክ ሲነገረን ቀድመን የምናመሳክረው አስቀድመን ከያዝነው ጋር ነው። ከገጠመ «እውነት ይመስላል» እንላለን፤ ካልገጠመ «ውሸት ነው»። መምሰል ግን ማስረጃ አይደለም። አንድን ታሪክ ከመቀበልዎ ወይም ከመጣልዎ በፊት፣ የአያትዎ የዘር ሐረግም ይሁን ዛሬ ጠዋት ስልክዎ ላይ የገባ ወሬ፣ የሚከተሉትን ይጠይቁ።

አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?

የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚመጣውን የድምፅ መልእክት ያውቁታል። አንዲት ሴት ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ትናገራለች፦ «እባካችሁ ልጆቻችሁን ጠብቁ፣ የጎረቤቴ የእህት ልጅ እዚያው ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ዛሬ ብቻ ስንት ልጅ ገባ መሰላችሁ»። ሰፈሩ አልተጠራም፤ ሆስፒታሉ አልተጠራም፤ «ዛሬ» የተባለው ቀን የቱ እንደሆነ አይታወቅም። የሰማነው የተናጋሪዋን ፍርሃት ነው። ፍርሃቷ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራው ልጅ ግን አልተናገረችም፤ ጎረቤቲቱም አልተናገረችም። በእኛና በነገሩ መካከል ቢያንስ ሦስት አፍ አለ።

ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ታሪክ ምን እንደሚሆን እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ፣ አንዱ ያስታወሰውን ለሌላው እንዲያስተላልፍ አደረገ። ታሪኩ እያጠረ ሄደ፤ ለእንግሊዝ ሰው እንግዳ የሆነው ነገር እየወደቀ፣ የሚያውቀው ነገር እየተተካበት መጣ። ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ፤ መናፍስቱ ከታሪኩ ወጡ። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። እያንዳንዱ ተራኪ ለራሱ ጆሮ የሚስማማውን አድርጎ አስተካከለው። እንግዲህ ከብዙ አፍ በኋላ የመጣ ታሪክ ልክክ ብሎ የተስተካከለ፣ መነሻና መድረሻው ያማረ ከሆነ፣ ማማሩ ራሱ ሊያጠራጥርዎ ይገባል።

በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻዩን ያስጠራል፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከገባበት ቤት ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ልጁን «እንዴት አወቅህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም መልስ የለውም። ከዚሁ ጎን ለጎን ደግሞ ባላጋራ ቆሞ ምስክርን የሚያፋጥጥበት፣ ዳኛ ቃልን ከቃል የሚያስተያይበት የሙግት ባህል ነበረን። ሁለቱም የእኛው ናቸው። ያ የድምፅ መልእክት የሚመደበው ከሌባ ሻዩ ወገን ነው፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት አይችልም። መልሰው ሊጠይቁት የሚችሉት ሰው፣ ስሙንና ቦታውን ሰጥቶ የተናገረ ምስክር እስኪያገኙ ድረስ የያዙት ወሬ ነው።

ተናጋሪውን ነው የሚመዝኑት ወይስ ነገሩን?

እስቲ ወደ ብሩስ እንመለስ። ሰውየው ቀጣፊ ከተባለ በኋላ ከሻንጣው የወጣውን ልብ ይበሉ። ከኢትዮጵያ የግዕዝ መጻሕፍት ይዞ ተመልሷል፤ ከነዚያ መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቷል ተብሎ የቆየ ነው፤ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ነው። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን ዋሻዎች ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ወጡ። የላሟም ነገር ቢሆን እንዲያው አልቀረም። ከብሩስ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት መጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር፤ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖር የነበረው ናትናኤል ፒርስ ተመሳሳይ ነገር ማየቱን ጻፈ።

ይኸው ብሩስ ግን በዚያው መጽሐፉ የዓባይን ምንጭ በማየት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሏል። እሱ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1770 ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ቦታውን ያየው በ1618፣ ማለትም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ብሩስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ደክሟል። አብሮት የተጓዘውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ከምንጩ ጉዞ ታሪክ አውጥቶታል፤ ክብሩን የሚጋራው እንዳይኖር ይመስላል።

ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ መጽሐፍ። የማይመስለው ነገር እውነት ነበር፤ የሚመስለው ነገር ደግሞ ሐሰት ነበር። «እሱ ዋሽቶ አያውቅም» ወይም «ከእሱ አፍ እውነት አይወጣም» ብለው የሚፈርዱ ከሆነ ሁለቱንም ይስታሉ። ታማኝ ሰው ያልመረመረውን ይደግማል፤ ጉረኛም በዓይኑ ያየውን ይናገራል። ራሱን የሚያስከብርበትን ክፍል ከሌላው ለይተው አጥብቀው ይጠይቁት፤ ማንም ሰው ትረካው ላይ የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ይህ እውነት እንዲሆን ሌላ ምን መኖር አለበት?

አፄ ምኒልክ ከአሜሪካ የሞት ፍርድ ማስፈጸሚያ የኤሌክትሪክ ወንበር አዝዘው፣ ሲመጣ አገሩ ኤሌክትሪክ ስለሌለው ዙፋን አደረጉት የሚለውን ታሪክ ሳይሰሙ አልቀሩም። ንጉሡ ካረፉ ብዙ ቆይቶ በእንግሊዝኛ አስገራሚ ወሬ እየሰበሰቡ የሚያሳትሙ መጻሕፍት አዛመቱት፤ ከዚያ እኛም ራሳችን ተቀብለን ደገምነው። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ግን ሲቀርብለት አላየንም።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመመርመር የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። የሚያስከትለውን ዕዳ ይቁጠሩ። ወንበሩ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1890 በኒውዮርክ ግዛት ኦበርን እስር ቤት ነው። ለዚያ የሚሆነውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሠራው የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ለዚህ ዓላማ አልሸጥም ብሎ፣ መሣሪያው በተዘዋዋሪ መንገድ ተገዝቶ ነው የተገኘው። እንግዲህ የአሜሪካ እስር ቤት በግድ ያገኘውን ለአንኮበርና ለእንጦጦ ማን ሸጠው? ዋጋው በየትኛው ሰነድ ተጻፈ? ከባሕር በር እስከ ሸዋ ድረስ በግመልና በበቅሎ ማን አጋዘው? የውጭ አገር ዕቃ በማስመጣት ንጉሡን ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወንበሩ ለመሥራት ምን እንደሚፈልግ አልነገራቸውም? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ መፈልሰፍ ይቻላል። ፈጠራው ሲበዛ ግን ታሪኩ እየሳሳ ይሄዳል።

ታሪኩ የተመቸው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ምኒልክ ለማሽን ልባቸው ክፍት ነበር፤ ስልክ አስገብተዋል፣ ፖስታ አቋቁመዋል፣ የባቡር ሐዲዱን ውል ፈቅደዋል፣ አውቶሞቢል አስመጥተዋል። በዚህ ላይ አንድ መሳቂያ ቢጨመርበት ማን ይጠረጥራል? ሳቁ ደግሞ የማን ላይ እንደሆነ ይመልከቱ፦ ገመዱ የት እንደሚሰካ ያላወቀ አፍሪካዊ ንጉሥ ላይ። እኔን የሚያሳዝነኝ የውጭ ሰው መጻፉ ሳይሆን፣ የእኛው ሰው እየሳቀ ለልጁ መንገሩ ነው።

የትኛው አቆጣጠር?

ይህኛው የእኛ ብቻ ወጥመድ ስለሆነ በአጭሩ ልጥቀስ። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1896፤ ልዩነቱ 8 ዓመት። ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1913፤ ልዩነቱ 7 ዓመት። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል የተጻፈ ቁጥር ሁለት ሰዎችን በከንቱ ያጣላል፤ አንዱን ክስተት ሁለት ያደርገዋል፤ ገና ያልተወለደን ሰው ጦር ሜዳ ያዘምታል። ዋሽንግተን ያለው አጎትዎና ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስትዎ በአባታቸው የሞት ዓመት ካልተስማሙ፣ «አንዳችሁ ተሳስታችኋል» ከማለትዎ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገሩ ይጠይቁ።

እውነት ቢሆን ደስ ይልዎታል?

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። እኔን ራሴን የሚይዘኝ ጉዳይ ስላለ በእሱ ላስረዳ።

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ የተወለደ ሊቅ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን በዋሻ ተሸሽጎ ስለ እምነትና ስለ ሰው አእምሮ ያሰበውን እንደያዘ የሚነገርለት የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ለዓለም ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፣ ቅጂውን እ.ኤ.አ. በ1853 ፓሪስ ለነበረው ለግዕዝ መጻሕፍት ሰብሳቢው ለአንቷን ዳባዲ ላከው። በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ «መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው» አለ። መነሻው አንድ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ቄስ የሰጠው ቃል ነበር። ሌላም ነገር ተጨመረ፦ ከዳ ኡርቢኖ በፊት መጽሐፉን ያየ ሰው አልተገኘም፤ ከቅጂዎቹ አንዱ በገዛ እጁ የተጻፈ ነው፤ የሚስዮናዊው የትውልድ ስም ደግሞ ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ ነው። በኋላ ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን ይህን ክርክር አጠናክራለች። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር የሐተታውን ሐሳብና አጻጻፍ ከዳ ኡርቢኖ ጽሑፎች ጋር አስተያይተው ኢትዮጵያዊነቱን ተሟግተውለታል። ታላቁ የግዕዝ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነበሩ፤ ኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው መጡ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን አቋራጭ እንይዛለን። ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የቅኝ አስተዳደር ያገለገለ ሰው ነው፤ «ሐበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም» ለማለት ምክንያት ነበረው እንልና ክርክሩን እንዘጋለን። ምክንያት እንደነበረው እኔም አልጠራጠርም። እኛስ? ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከዴካርት ዘመን ጋር የሚቀራረብ የራሳችን ፈላስፋ እንዲኖረን እንመኛለን፤ ይህም ምክንያት ነው። የሰው ፍላጎት የት አጥብቀን መጠየቅ እንዳለብን ይጠቁመናል እንጂ ነገሩን አይፈርድልንም። ክፉ ፍላጎት ያለው ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ደስ የሚልዎት ታሪክ ላይ ጥያቄውን ይጨምሩ፦ ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ ምን ቢገኝ ነው? በሐተታው ጉዳይ መልሱ ቀላል ነው። ዳ ኡርቢኖ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የተገለበጠ አንድ ቅጂ ከአንድ ገዳም ቢወጣ የተጠራጣሪዎቹ ነገር ያበቃል። እስከዚያው እኔ ወደ ኢትዮጵያዊነቱ አደላለሁ፤ ተማሪ ቢጠይቀኝ ግን ሁለቱንም ወገን ሳልነግረው አልቀርም። ስለ አንድ ታሪክ «ምንም ቢገኝ ሐሳቤን አልለውጥም» ካሉ፣ ያ ታሪክ የእምነትዎ ወይም የፍቅርዎ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ በማስረጃ የቆመ አስመስለው ለሌላ ሰው አያቅርቡት ብቻ።

ደጋግመው ስለሰሙት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1977 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እውነት የሆኑና ሐሰት የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን አቀላቅለው ለተማሪዎች በየጊዜው አስደመጡ። የተደጋገመው፣ ሐሰት ሲሆን እንኳ፣ እየዋለ እያደረ እውነት እየመሰላቸው ሄደ። አምስት ግሩፕ ውስጥ ያዩት ወሬ አምስት ምስክር የለውም፤ አንዱ ጽሑፍ ነው አምስት ቦታ የተለጠፈው። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ቀስት ተደርቦ ካዩ መልእክቱ ብዙ እጅ ዞሮ የመጣ ነው። ፎቶ ከሆነ በጉግል ሌንስ ይፈልጉት፤ ትናንት ተነሣ የተባለው ፎቶ ከዓመታት በፊት ሌላ አገር ወጥቶ ሊያገኙት ይችላሉ። አሁን ደግሞ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ስለተቻለ «ድምፁን አውቀዋለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ደውለው ያረጋግጡ።

ከተሳሳቱ የሚጎዳው ማነው?

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በምዕራብ ጎጃም ለጤና ጥናት ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ የሄዱ ባለሙያዎች ነበሩ። «ልጆቻችንን ሊፈጁ መጡ» የሚል ወሬ ተነዛ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሁለቱን ገደላቸው። ወሬውን ያስተላለፉት ሰዎች ልጆቻቸውን የሚወዱ ወላጆች ነበሩ። ለልጅ መስጋት ደግሞ በራሱ ጥፋት አይደለም። ግን በዚያ ሰዓት «ማን አየ? የታመመው ልጅ የቱ ነው? ቤቱስ?» ብሎ የጠየቀ አንድ የተከበረ ሰው ተገኝቶ ቢሰማ ኖሮ ሁለት ሰዎች ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ይህን ሳስብ ጥያቄ መጠየቅን እንደ ቅንጦት የሚያይ ሰው አይገባኝም።

የሚጠይቁት ማስረጃ መጠን ስሕተቱ በሚያስከትለው ጉዳት ልክ ይሁን። አያትዎ በአድዋ ዘምተዋል የሚለውን የቤተሰብ ታሪክ በፍቅር ቢቀበሉት፣ ስሕተት ቢሆን የሚጎዳ ብዙ ሰው የለም። አንድ ብሔር፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ጎረቤት እንዲህ አደረገ የሚል ታሪክ ሲመጣ ግን አንድ ምስክር አይበቃም፤ ሁለትም ከአንድ ምንጭ ከቀዱ አንድ ናቸው። ሕጉንም ይወቁት። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ነገሩን ለማጣራት በቅንነት ተገቢውን ጥረት ያደረገን ሰው አዋጁ ለይቶ ያየዋል።

«ይቆይ» ማለት ይችላሉ

የመጣልዎትን ሁሉ ዛሬውኑ አምነው ወይም ክደው ማደር ግዴታ የለብዎትም። ከታላላቆችዎ የመጣ ወሬ ከሆነ «እትዬ፣ ይህን ማን ነገረዎት? ልደውልለት» ማለት ድፍረት አይደለም፤ በአክብሮት ከተጠየቁ ብዙዎቹ ራሳቸው «እኔም የሰማሁት ነው» ይላሉ። ለማጣራት ያልተቻለውን አያስተላልፉ፤ ለራስዎ ግን ማን፣ መቼ፣ የት እንዳለው ጽፈው ያስቀምጡት። ከወራት በኋላ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲናገር የሚያስተያዩበት ይኖርዎታል።

አስተላልፈው ከነበረና ስሕተቱ ከታወቀ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ያነበቡት ሰዎች ስለማጥፋትዎ አያውቁም። ማስተካከያውን ወሬውን በላኩበት ቦታ ሁሉ ይላኩ፤ የትኛው ክፍል ሐሰት እንደሆነና እንዴት እንዳወቁ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። የላኩት የድምፅ መልእክት ከነበረ ማስተካከያውንም በድምፅ ይላኩት፤ እቤት ያሉት አዛውንት የሰሙት ድምፁን እንጂ ጽሑፉን አይደለም።